የሮም ባዶ እግር፣ የስቶክ ማንደቪል ቀስት፡ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛው ሕይወት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት ላይ ከአዲስ አበባ ውጭ አንዲት ቮልስዋገን መኪና ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ውስጧ የነበረው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከመኪናዋ ሊወጣ አልቻለም። ሰዎች ደርሰው ያላቀቁት በማግስቱ ጠዋት ነው። እጁን ለማንሳት ሞከረ፤ እጁ አልታዘዘውም። እግሩን ለማንቀሳቀስ ሞከረ፤ እግሩም አልሰማውም። ያ ሰው በዓለም ላይ በእግሩ የሚስተካከለው ያልተገኘለት ሻምበል አበበ ቢቂላ ነበር።

የአበበ ስም ሲነሳ የኢትዮጵያ ሰው ትዝ የሚለው ሮምና ቶኪዮ ነው። ስለ ድሉ ብዙ ተነግሯል፤ ይገባዋልም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስለኖራቸው አራት ዓመት ከመንፈቅ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የአንድ ሰው ጡንቻ ምን ያህል ጌታውን እንደሚያገለግል፣ ከአንጎሉ ጋር ያለው መስመር ሲቆረጥስ ምን እንደሚቀረው የሚያሳየው ግን ያ ያልተነገረው ዘመን ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ መንዲዳ አቅራቢያ በምትገኝ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የዕለት ነገር ሆኖ እሱ በተወለደበት ቀን በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። በደጋው አገር እንዳደገ ልጅ ሁሉ ከብት ጠበቀ፣ ገና ተጫወተ። ከጉና ሥር ወይም ከጋይንት አምባ ላይ ያደገ ሰው የዚህን ልጅነት ዝርዝር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ብርድ፣ ዳገት፣ የገና ዱላና ከከብት ኋላ መሮጥ ነው።

ጎልማሳ ሲሆን አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ሩጫን እንደ ሙያ የያዘው በዚያ ነው። የሠራዊቱ ስፖርት አሠልጣኝ የነበሩት ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የወታደሩን አረማመድ አይተው ከሌሎቹ ለዩት። የኒስካነን ዘዴ ጥብቅ ነበር፤ ርቀት በሰዓት ይለካል፣ የልብ ትርታ ይቆጠራል፣ የባዶ እግርና የጫማ ሩጫ ይነጻጸራል። አበበ በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንደ ዓሣ በውኃ ዋኘ። ከሮም ጉዞ በፊት በአዲስ አበባ የሮጠው ማራቶን በከፍታ ላይ የተሮጠ ሆኖ ሳለ በጊዜው ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ሰዓት ተመዘገበበት። ከኢትዮጵያ ውጭ ይህንን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ኢትዮጵያ ውስጥ ችቦ በሚበራበት ምሽት የሮም ጥንታዊ ጎዳናዎችም በወታደሮች ችቦ በርተው ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን ውስጥ አበበ የገባው በጉዳት በቀረው በዋሚ ቢራቱ ምትክ ነው። የሚስማማው ጫማ ስላላገኘ እንደ ልምምዱ በባዶ እግሩ ተሰለፈ። አብሮት እስከ መጨረሻው የዘለቀው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነበር። ሩጫው ከሚያልቅበት ብዙም ሳይርቅ ፋሺስት ኢጣልያ ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሟል። አበበ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ሞሮኳዊው ቀረ። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜ ገባ። ከዚያ በፊት በማራቶን የተመዘገበው ፈጣን ሰዓት ከዚህ በአንድ ሰከንድ ያህል ይዘገይ ነበር። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም ለመመለስ እስከ 1997 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት።

ስለ ሮም ሲወራ አንድ ነገር ይዘለላል። አበበ ከሮጠ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀስት ወረወሩ፣ ጦር ወረወሩ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወቱ። ሁሉም ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ያ ውድድር የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይቆጠራል። በባዶ እግሩ ሮምን ያስደነቀው ወታደር በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ እየተሸለመ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ቀስት እንደሚይዝ ማን ሊያስብ ይችል ነበር?

ቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከውድድሩ በፊት ስድስት ሳምንት እንኳ ባልሞላ ጊዜ አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ነበር። ሐኪም ዕረፍት በሚያዝበት ወቅት እሱ ልምምድ ጀመረ። በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ከሮሙ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀንሶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው ሰው የጨረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ መካከል አበበ ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ወደ ሰማይ እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ነጭ ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት።

በሕይወቱ 16 ማራቶን ሮጦ 12ቱን አሸንፏል። ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግን እግሩ ማስቸገር ጀመረ። በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ተጎድቶ እያለ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። ይህ በሆነ በአምስተኛው ወር ነው መኪናዋ የተገለበጠችው።

የመኪናው አደጋ እንዴት እንደደረሰ ልጁ ጽጌ አበበ በጻፈችው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከፊት ለፊት በፍጥነት የመጣ መኪና ሲሸሽ እንደነበር ተመዝግቧል። ጠዋት ላይ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። አንገቱ ላይ የደረሰው ጉዳት ሁለቱንም እጆቹንና ሁለቱንም እግሮቹን አሽመድምዶ ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደተባለው ሆስፒታል ተጓዘ።

ኅብለ ሰረሰር ማለት ከአንጎል ወርዶ በአከርካሪ አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ፣ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት የማይበልጥ የነርቭ ገመድ ነው። አንጎል ለክንድ፣ ለእግር፣ ለሆድ ዕቃና ለፊኛ የሚልከው ትእዛዝ በሙሉ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ ከቆዳ የሚመጣው የሕመም፣ የሙቀትና የንክኪ ስሜትም በእርሱ በኩል ይወጣል። አጥንት ተሰብሮ ይጠገናል፤ ይህ ገመድ ሲቆረጥ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ጉዳቱ ከደረሰበት ቦታ በላይ ያለው አካል ይታዘዛል፤ በታች ያለው አይሰማም። ስለዚህም ቦታው ሁሉን ይወስናል። ወገብ ላይ ከሆነ እግር ይቀራል፤ እጅ ይተርፋል። አንገት ላይ ከሆነ እጅም ይሄዳል። በአንገት ውስጥ እንኳ የአንድ አጥንት ልዩነት ትልቅ ነው፤ አንዱ ትከሻውንና ክርኑን እያንቀሳቀሰ ጣቱን ማጠፍ ያቅተዋል፤ ሌላው አንጓውን ቀና እያደረገ ማንኪያ መጨበጥ ይሳነዋል፤ ከፍ ብሎ የተጎዳው መተንፈስም ይቸግረዋል።

ገመዱ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም። ሲቀጠቀጥ ያብጣል፤ እብጠቱ ሲቀንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የጠፋው ኃይል በከፊል የሚመለስላቸው አሉ። አበበ ከእነዚህ አንዱ ነበር። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ አንገቱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ክንዱ ተመለሰ። እግሮቹ አልተመለሱም።

የተወሰደበት ሆስፒታል በዘመኑ ለዚህ ጉዳት በዓለም የታወቀው ስፍራ ነበር። ያደረጉት ደግሞ ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት አይሁዳዊ ሐኪም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። በ1936 ዓ.ም. የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍሉን ሲከፍቱ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞት ነበር። የሚገድለው ስብራቱ ሳይሆን ቁስሉና ሽንቱ ነው። የማይሰማ ገላ በአንድ ጎን ተኝቶ ሲውል ቆዳው ይሞታል፣ ይመረቅዛል፤ ፊኛው በአግባቡ ካልተለቀቀ ኩላሊቱ ይመርዛል። ጉትማን በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አዘዙ። ይህ ብልሃት መሣሪያ አይፈልግም፣ መድኃኒትም አይፈልግም፤ ሰው ብቻ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሥራና ስፖርት ጨመሩ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ታካሚዎችን በሆስፒታሉ ሣር ላይ ሰብስበው በቀስት አወዳደሩ። የፓራሊምፒክ መነሻ ይህ ነው።

አበበ በዚህ ሆስፒታል ስምንት ወር ቆየ። ከመላው ዓለም ደብዳቤ ጎረፈለት፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም መጥተው ጠየቁት። ከደብዳቤውና ከጉብኝቱ ይልቅ ግን ሕይወቱን የለወጠው የየቀኑ ልምምድ ነበር። ማራቶን ሯጭ የእጁን ጡንቻ አያሳድግም፤ ክብደት ይሆንበታልና። አሁን ሥራው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር መሸጋገር በክንድ ነው፤ መንኮራኩሩን መግፋት በትከሻ ነው፤ ተቀምጦ አለመውደቅ ራሱ በጀርባ ጡንቻ ነው። በ36 ዓመቱ ሰውነቱን እንደ አዲስ መማር ጀመረ።

ቀስቱን የያዘውም ለዚህ ነው። ቀስት መወጠር የእጅ ሥራ ይምሰል እንጂ የሚጎትተው የትከሻና የላይኛው ጀርባ ጡንቻ ነው። ወገቡ የማይታዘዘው ሰው ሲወጥር ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፤ ያንን ለመመለስ ከጉዳቱ በላይ ያለው ጡንቻ ሁሉ ይሠራል። ጉትማን ቀስትን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው ደግሞ ተቀማጩ ከቋሚው ጋር እኩል ሊወዳደርበት የሚችል ስፖርት መሆኑ ነው። በ1962 ዓ.ም. ክረምት አበበ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። አላሸነፈም። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በጀማሪነት ተሰልፎ መሸነፍን መቀበሉ ከሮሙ ድል የማያንስ ነገር ነው።

አበበ በነበረበት ዘመን ለተጎዳ ሰው የሚቀርበው መሣሪያ ተሽከርካሪ ወንበር ነበር። በዚያው ዘመን ግን በዓለም ላይ ሌላ ሐሳብ መብቀል ጀምሮ ነበር። ጡንቻ ሲኮማተር ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ከነርቭ የመጣው ትእዛዝ ጡንቻው ላይ ሲደርስ የጡንቻው ክሮች በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ኤሌክትሪካቸውን ይለዋውጣሉ፤ የዚያ ድምር በቆዳ ላይ ይሰማል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። አንድ የባትሪ ድንጋይ አንድ ቮልት ተኩል ይሰጣል፤ ከቆዳ ላይ የሚለካው የጡንቻ ምልክት ግን ጠንካራ ሲባል ከአንድ ሺህኛ ቮልት ጥቂት ቢበልጥ ነው። በቆዳው ላይ ኤሌክትሮድ የሚባሉ ትንንሽ ብረታ ብረት ማጣበቂያዎች ይለጠፋሉ፤ መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሺህ ጊዜ ያህል ያጎላዋል፣ ከአካባቢ የሚመጣውን ጫጫታ ያጣራል፣ ከዚያም ልኩን ይመዝናል። ከተወሰነ መጠን ካለፈ ትእዛዝ ነው፤ ካላለፈ ዝምታ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የስምምነት ጉዳይ ነው። ትከሻውን ማንሳት የሚችል ሰው ግራ ትከሻውን ሲያነሳ ወንበሩ ወደ ግራ ይዞራል፤ ሁለቱን ሲያነሳ ወደፊት ይሄዳል። ጥርሱን ሲነክስ ይቆማል። አንገቱ ከፍ ብሎ የተጎዳ፣ ከፊቱ በቀር ምንም የማይታዘዘው ሰው ቅንድቡን በማንሳት የኮምፒውተር ቀስት ማንቀሳቀስ ይችላል። ጡንቻው መሣሪያውን በጉልበቱ አይገፋውም፤ ፈቃዱን ብቻ ይነግረዋል፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ ነው።

በጡንቻ ምልክት የሚሠራ ሰው ሠራሽ እጅ በጀርመንም በሶቪየት ኅብረትም የተሞከረው አበበ ሮም ከመሮጡ በፊት ነው። እሱ ግን እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች የታሰበ ነበር። እጃቸው ላለ፣ ነገር ግን ለማይታዘዛቸው፣ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አሳዩ። ከሚታዘዝ ጡንቻ ምልክት ወስደው፣ በዚያ ምልክት መጠን ሽባ የሆነውን እጅ በኤሌክትሪክ እየነኩ እንዲጨብጥ አደረጉት። ነገሩን ልብ ላለው ሰው አስደናቂ ነው። ከአንጎል ወደ እጅ የሚወስደው መንገድ ተቆርጧል፤ ከአንጎል ወደ ትከሻ የሚወስደው ግን ክፍት ነው። መልእክቱ በትከሻ በኩል ዞሮ በሽቦ ወደ እጅ ይደርሳል። ድልድይ ሲፈርስ በሌላ ቀበሌ ዞሮ እንደመሄድ ነው።

ያ ሙከራ በዚያው ከተማ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰውነት ውስጥ ተቀብሮ በትከሻ እንቅስቃሴ የሚታዘዝ፣ ሽባ እጅን የሚያስጨብጥ መሣሪያ በአሜሪካ የመንግሥት ፈቃድ አገኘ። ኋላ የመጣው ዓይነት ደግሞ የትከሻ እንቅስቃሴን ትቶ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ከውስጥ እንዲያነብ ተደረገ። በዚህ የተጠቀሙ ሰዎች ሹካ ይዘው በልተዋል፣ ብርጭቆ አንስተው ጠጥተዋል፣ ብዕር ይዘው ጽፈዋል። ጤነኛ ሰው ከቁብ የማይቆጥረው፣ ለእነርሱ ግን ከሚያጎርሳቸው ሰው እጅ መላቀቅ ነው።

አበበ ሁለተኛ ወርቁን ካጠለቀበት ከቶኪዮ ብዙም በማትርቀው በጹኩባ ከተማ ደግሞ ፕሮፌሰር ዮሺዩኪ ሳንካይ እግር ላይ የሚለበስ ሮቦት ሠሩ። ሰውየው ለመራመድ ሲያስብ በእግሩ ቆዳ ላይ የሚታየውን ደካማ ምልክት መሣሪያው አንብቦ በጉልበቱና በዳሌው ላይ ባሉ ሞተሮች ያግዘዋል። በጀርመን ቦኹም ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ኅብለ ሰረሰራቸው በከፊል የተጎዳ ሰዎች በዚህ ተለማምደዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። መሣሪያው የሚሠራው የሚያነበው ነገር ሲኖር ነው። ገመዱ ጭራሽ የተቆረጠበት እግር ምልክት አይልክም፤ መሣሪያውም ዝም ይላል። ዓይን የማያየው፣ እግሩን የማያነቃንቅ ትንሽ ምልክት ግን በአንዳንዶቹ ዘንድ ተርፎ ይገኛል፤ ተስፋ ቆርጦ የተተወ ጡንቻ ሲለካ ሲናገር የተገኘበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ያለ ችግር የሚሄድ አይደለም። ላብ ሲመጣ ኤሌክትሮዱ ይንሸራተታል፤ ጡንቻው ሲደክም ምልክቱ ይለወጣል፤ ሰውየው ሳያስበው ሲያስነጥስ ወይም ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ መሣሪያው ትእዛዝ መስሎት ይነሳል። ዋጋውም ከባድ ነው። አበበ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ይህ መሣሪያ ምን ያህል ይረዳው ነበር ለሚል ሰው መልሱ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። እጆቹ ከተመለሱለት በኋላ ወንበሩን በራሱ ክንድ መግፋት ይችል ነበርና ለእጁ ሞተር አያስፈልገውም። የሚጠቅመው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ጭንቅላቱን እንኳ ማንሳት በማይችልበት ጊዜ ነበር፤ ለእግሩ ደግሞ ቅሪት ምልክት ከነበረ ብቻ።

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ነገሩ ከመሣሪያው በፊት ይጀምራል። ከጉና ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ ያለው አገር አምባና ገደል ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በጨጨሆ አቀበት ያለፈ መንገደኛ ያውቀዋል። ከገደል የወደቀ፣ ከዛፍ ላይ የወረደ፣ መኪና የተገለበጠበት ሰው አንገቱን ወይም ወገቡን አመመኝ ካለ፣ እጅና እግሩ ከደነዘዘ፣ ብብቱን ይዞ ማንሳት ወይም በበቅሎ ላይ መጫን ያልተቆረጠውን ገመድ ሊቆርጠው ይችላል። ራሱና አንገቱ ከገላው ጋር ቀጥ ብሎ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንስቶ፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ቃሬዛ ላይ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ማድረስ ነው የሚያዋጣው። ለእጅና ለእግር ወለምታ የሚጠራው ወጌሻ ለአንገትና ለአከርካሪ አይጠራም፤ እዚያ ላይ መታሸትና መጎተት ጉዳት ነው። ቤት የገባ ተጎጂ ደግሞ የጉትማን ሕግ ያስፈልገዋል። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ዳሌው፣ ተረከዙ፣ የጀርባው ታችኛ ክፍል በየቀኑ ይታያል፤ የቀላ ቦታ ካለ በዚያ በኩል አይተኛም። አበበን በሕይወት ያቆየው በእንግሊዝ አገር የተደረገለት ይኸው ነው፤ በሳር ቤት ውስጥም ሊደረግ የሚችል ነው። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ጡንቻ የሚያጠነክረው ፊዚዮቴራፒ ይመጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ማስመረቅ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ማንም መሣሪያ ምልክት የሚወስደው ካልመነመነ ጡንቻ ላይ ነው።

አበበ ወደ አገሩ ሲመለስ እንደ ቀድሞው የአገር ሰው ሆኖ ተቀበሉት። ባለቤቱ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆቹ ነበሩ። የዕለት ተዕለቱን ድካም የተሸከሙት እነርሱ ናቸው፤ በጋዜጣ የሚወጣው ግን የእሱ ፎቶ ነበር። የተጎዳ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። በዚያ በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። ከዚያም በረዶ ላይ በሸርተቴ ተቀምጦ በሚደረግ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ገባ። በረዶ ባልለመደ አገር ያደገው የሸዋ ሰው 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት ሜዳ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ከቶኪዮ ወዲህ በኦሊምፒክ ያጣውን የአንደኝነት ቦታ መልሶ አገኘው። ስለ አበበ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ውስጥ ይህች ድል የምታገኘው አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ይገባት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ። በዊልቸር ሆኖ ሲገባ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተቀበለው። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር፤ ከሮም ድል ልክ 12 ዓመት፣ በዚያው ቀን። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። የጨበጠው ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ምንም የማይያዝበት የነበረውን እጅ ነው።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ ሞተ። ከአደጋው የተያያዘ ችግር ነበር። ዕድሜው 41 ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሐዘን ቀን አወጁ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ። የሬሳ ሣጥኑን ተከትለው ከሄዱት መካከል በሮም ችቦ ብርሃን ሲሮጥ በሬዲዮ የሰሙት ይበዙ ነበር፤ ቀስት ሲወጥር ያዩት ግን ጥቂት ነበሩ።